የካፒቴን ጃርት የመጨረሻው ገደል

ሐሙስ ዕለት፣ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ገና ሳይነሳ፣ ሰዓት ሠሪው ልጁን ቀና ብሎ ሳያያት «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደቂቃ ይመጣል። ዕቃዎቹን ጠራርጎ ይውሰድ ብዬዋለሁ» አላት።

ዕቃዎቹ የሚላቸው በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን ነው፤ ወረንጦዎቹን፣ ከክብሪት እንጨት የሚቀጥኑትን ካቻቢቴዎች፣ ዓይን ላይ የሚሰኩትን ማጉያ መነጽሮች፣ በየጠርሙሱ የተለዩትን ብሎኖችና ሞላዎች። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ እነሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ኖሯል። ደቂቃ ደግሞ ሙያውን ከእሱ የተማረ፣ አሁን ከመንገዱ ማዶ የራሱ ሱቅ ያለው ቦርጫም ሰዓት ሠሪ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ለደንበኛ ሁሉ «አንድ ደቂቃ ብቻ» እያለ ሰው ሲያስጠብቅ ስለሚውል ደቂቃ ሆኖ ቀረ።

«ለምን?» አለች ልጅቷ፣ ለምን እንደሆነ አሳምራ እያወቀች።

አባቷ በግራ እጁ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና መልሶ ጣል አደረገው። «ይኼ በቃው። የቻልነውን ያህል ለፋንበት፤ ከዚህ አያልፍም። ያ ጃርትሽ ነገረኝ እኮ። ከእሱ በላይ ምን ሐኪም ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ ሳህኖቹን ሰብስባ ማድቤት ገባች። ቧንቧውን ከፈተችና ምንም ሳታጥብ ውሃው ሲወርድ እያየች ቆመች።

ጃርቱ የእሷ ነው። ይኼን አስቀድሞ መናገር የግድ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ዛሬ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት የምትነድፍ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ግን ከአንድ ጫማ መደብር በላይ፣ ቆዳና ማጣበቂያ በሚሸቱ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ፣ ሦስት ሆነው የኮምፒውተር ጌም ይሠሩ ነበር። ፕሮግራሙን የሚጽፈውን ቅንፍ ይሉታል፤ አንድ ቀን አንዲት ቅንፍ መዝጋት ረስቶ ጥፋቱን ሲፈልግ ሦስት ቀን ስለተንሰቀሰቀ። ሁለተኛዋ ሥዕሉንና ሙዚቃውን የምትሠራ ነበረች። ልጅቷ ደግሞ ቦታውን ትነድፍ ነበር፦ ሳንቃው የት ይሁን፣ ገደሉ ምን ያህል ይስፋ፣ ሸርጣኑ ከየትኛው ድንጋይ ጀርባ ይደበቅ።

በሦስት ዓመት ሥራ የወለዱት «ካፒቴን ጃርት»ን ነው። ካፒቴን ጃርት አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣ የባሕር ወንበዴ ነው። መርከቡን ሰርቀውበት፣ እሷን ፍለጋ ከሳንቃ ሳንቃ እየዘለለ አሥራ ሁለት ደሴቶችን ያቋርጣል። ጠላት ሲመጣበት ጀርባውን ይሰጥና እሾሁን ይለቅበታል። እንደ ማንኛውም የባሕር ወንበዴ በቀቀን አለው፤ በቀቀኑ ግን እሾሁን ስለሚፈራ ትከሻው ላይ አያርፍም፣ በሩቁ እየተሳደበ ይከተለዋል። ምን ያደርጋል፣ ሰው አልገዛውም። ጥቂት መቶ ሲዲ ተሸጦ የቀረው ውሃ በላው፤ ሦስቱም በየፊናቸው ተበተኑ። ቢሆንም በሕይወቷ «ይኼ የእኔ ሥራ ነው» ብላ አፏን ሞልታ የምትናገርለት ሌላ ነገር የላትም።

አባቷን ስትሮክ የመታው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ንግግሩ ቶሎ ተመለሰ፣ ነገረኛነቱም ከነሙሉ ጤናው ተመለሰ። እግሩ እያነከሰም ቢሆን ይሄድለታል። ቀኝ እጁ ግን ጣቶቹ እንደተኮማተሩ እምቢ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጭመቅ ብላ የላስቲክ ኳስ ሰጠችው፤ ክፈት ዝጋ ብላ የልብስ መቆንጠጫ ሰጠችው። ኳሷን በመስኮት ወረወራት፤ በግራ እጁ መሆኑ ነው። «እኔ ከፀጉር የቀጠነ ሞላ ያቃናሁ ሰውዬ፣ ተቀምጬ ኳስ ልጨምቅ?» ልጅቷ ጓዟን ጠቅልላ እሱ ቤት ገብታ ነበርና ይኼን ሁሉ ቁጭ ብላ አየች። ባለሙያዋን ለመነች፣ አባቷን ለመነች፣ ማንም የሚሰማት ሲጠፋ ከአልጋ ሥር አሮጌ ኮምፒውተሯን ጎትታ አወጣች።

«ምንድነው ይኼ አይጥ?»

«አይጥ አይደለም፣ ጃርት ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከጫማ ቤት በላይ ስትሠሪ የነበረው ይኼን ነው?» አለና ወንበሩን ሳብ አደረገ። የልጁን የእጅ ሥራ ሳያገላብጥ ማለፍ አልሆነለትም።

የጌሙ መቆጣጠሪያ ጆይስቲክ በግራ አውራ ጣት ያራምዳል፣ በቀኝ ጣቶች ያዘልላል። መጀመሪያ ደሴት ላይ ያለችው ሸርጣን ብቻ አሥራ አንድ ቀን ፈጀችበት። ካፒቴኑ እየሄደ ይላተምባታል፣ ይሞታል፣ አባቷ ይሳደባል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘለላት። ሦስተኛው ደሴት ላይ የሸሚዙን ቁልፍ በቀኝ እጁ ቆለፈ። ስድስተኛው ላይ ማንኪያ ያዘ። አሥረኛው ላይ አንድ ጧት ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ የጠረጴዛው መብራት በርቶ፣ አባቷ በወረንጦ ከሳህን ላይ አንዲት ብሎን ሲያነሳ አገኘችው። ሦስቴ ጣላት፣ በአራተኛው አነሳት። ልጅቷ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። እሱ ዞር ብሎ «አሥራ ሁለተኛውን ደሴት ስጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ እመለሳለሁ። ካልጨረስኩ ግን እንዳትለምኚኝ» አላት። የማለ ያህል ነው፤ ቃሉን የማያጥፍ ደረቅ ሰው ነው።

አሥራ ሁለተኛው ደሴት መጨረሻ ላይ፣ መርከቧ ወዲያ ማዶ ቆማ እየታየች፣ አንድ ሰፊ ገደል አለ። እዚያ ሦስት ሳምንት ቀረ።

ሦስት ሳምንት ሲባል በአፍ ቀላል ነው። በየቀኑ ከቁርስ እስከ ምሳ ካፒቴን ጃርት ተንደርድሮ ይዘላል፤ ጥፍሩ የወዲያኛውን ሳንቃ ጫፍ ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ ባርኔጣው ወደ ላይ ቀርቶ እሱ ወደ ታች ይሄዳል። ሁልጊዜ በትንሽ ነው የሚያመልጠው። ሰውን የሚገድለውም ይኼው ትንሽ ነው፤ ጣቱ አንዲት ቅጽበት ብትፈጥን የሚደርስ ይመስላል። ልጅቷም ከጎኑ ተቀምጣ ታሠለጥነዋለች። «ቀደም ብለህ ተጫን አባዬ።» «አሁን ቸኮልክ፤ ትንሽ ዘግየት።» «ጠበቅ አድርገህ ያዝ።» በሁለተኛው ሳምንት እጁን በጠረጴዛው ጠርዝ ይመታው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የእጁ ጀርባ በልዞ አበጠ፣ ወረንጦውንም መያዝ ተወ። ከዚያ ነው ያ ሐሙስ የመጣው።

አባቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ልጅቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጣት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጫን በራሷ እጅ አይታ አንድ ብልሃት ልታሳየው ፈልጋ ነው። ገደሉ አፍ ላይ ደረሰች፤ ዘለለች፤ ወደቀች። ሳቅ አለች። እንደገና ዘለለች። አሥር ጊዜ ስትወድቅ ሳቋ ጠፋ። ሠላሳ ጊዜ ስትወድቅ ጆይስቲኩ በላቧ ሟለጨ። ሁለት ጤነኛ እጅ አላት፤ ቦታውን የነደፈችው እሷ ናት፤ ጥፍሩ ግን ነካ እያደረገ ይወርዳል። አርባኛው ላይ ጆይስቲኩን አስቀመጠች፤ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አላት።

ጌም የሚሠራ ሰው የራሱን ጌም እንደ ሌላው ሰው አይጫወትም። በቀን መቶ ጊዜ አንድ ሳንቃ ለማየት ሲል ሸርጣን ሲነክሰው አይውልም፤ አቋራጭ ያበጃል። የእነሱ አቋራጭ «ላባ» ይባል ነበር። አንዲት ቁልፍ ስትጫን ካፒቴኑ ይቀልላል፣ ጠላት አይነካውም፣ ዝላዩም ይረዝማል። ሲዲው ወደ ፋብሪካ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው ሠዓሊዋ «ሲዘል ባርኔጣው ጣሪያ ውስጥ እየገባ ነው» ብላ አማረረች፤ ቅንፍ ዝላዩን ቆረጠው። ልጅቷንም «ገደሎቹን በሙሉ እንደገና ፈትሺ። ላባን ማጥፋት እንዳትረሺ» አላት። አሥራ አንዱን ደሴት ያለ ላባ ዘልላ፣ የሰፉትን ገደሎች አጠበበች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ወገቧ ዝሏል፤ መርከቧን ቶሎ አይቼ ልገላገል ብላ ላባን አበራች። ገደሉን ሽው ብላ አለፈችውና «ሁሉም ደህና» ብላ ጻፈች።

የድሮ ደብተሯን ከሻንጣ ሥር ፈልጋ አወጣች። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ነው፤ አንዱ አራት ማዕዘን አንድ ጡብ። ከቅንፍ ቅነሳ በኋላ ዝላዩ አምስት ጡብ ተኩል። ገደሉ ስድስት። ያኔ ከአንድ የማያውቁት ተጫዋች ደብዳቤ መጥቶላቸው ነበር፣ የመጨረሻው ገደል አይዘለልም የሚል። ሦስቱም ከት ብለው ስቀው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ከሥሩ «ተለማመድ!» ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

በሩን ከፍታ አባቷን መቀስቀስ ትችል ነበር። «አባዬ፣ እጅህ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ቢበዛ አምስት ቃል ነው። እስከ በሩ ድረስ ሄዳ ገርበብ አደረገችው። የበለዘ እጁን በብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ አየችና ደፉ ላይ ቆመች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቸኮልክ፣ ዘገየህ ስትለው ከርማ አሁን በምን አፏ ትናገር? ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ ሐሳቡም እንደ እሷ ያለ ሰው ብቻ የሚያስበው ነበር። ገደሉን በድብቅ ላጥብበው፣ እሱ በራሱ እጅ የዘለለው ይምሰለው፣ ደስ ብሎት ወደ ጠረጴዛው ይመለስ፤ እኔም አልዋረድ። በራሷ አፈረች፣ ግን በሩን መልሳ ዘጋች።

ለቅንፍ ስልክ ደወለች፤ ካናገረችው አሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። አሁን የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል። «ሃያ ሁለት ዓመት የተቀበረ ጃርት ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ነገረችው። ሳቁ ቆመ።

«ላባ በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

«እኔ እኮ አጥፊው ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር። አሁን ከፈለግህ ስደበኝ፣ ከፈለግህ ግደለኝ፤ ብቻ የድሮውን ሥራ አውጣልኝ።»

አርብ ጧት ሄደች። የድሮው ሥራቸው ያለበት ዲስክ ከቁም ሣጥን አናት፣ ከተበጣጠሱ ሽቦዎች መካከል ተገኘ፤ ሲሰኩት ግን እንደ ጉንፋናም ሰው አክ አክ ብሎ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ታገሉት። ቅንፍ አጋደመው፣ አቆመው፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ሰደበው። ሲመሽ ወደ ቤቷ ሄዳ፣ ለአባቷ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብላ ዋሸች። ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት ተመለሰች። አምስት ሰዓት አለፈ። እሷ የቅንፍ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዲስኩ ተነሳ። የመጨረሻውን ሳንቃ አንድ ጡብ ለማቅረብ የፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ቅንፍ በነጭ ሲዲ ገልብጦ ሰጣትና እጇን ያዝ አደረገ።

«ትነግሪዋለሽ አይደል?»

«አዎ» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ።

ቤት ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አባቷ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ በዓይነት በዓይነት ከምሮ፣ ለብሶ፣ ተላጭቶ ይጠብቃል። እሱ ሽንት ቤት ሲገባ ሲዲውን ቀየረች።

«አባዬ፣ ደቂቃ እስኪመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር።»

«ተይኝ በቃ።»

«አንዴ ብቻ። ለእኔ ስትል።»

«ለአንቺ ስል ሦስት ሳምንት ገደል ገባሁ። አይበቃሽም?»

እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ጉልበቱን ይዛ ለመነችው፤ እንደ ልጅነቷ። ሽማግሌው ተነፈሰና ጆይስቲኩን አነሳ። ካፒቴን ጃርት ተንደረደረ፣ ዘለለ፣ ወዲያ ማዶ በሁለት እግሩ ዱብ አለ። ሙዚቃው ተለወጠ፤ የመርከቧ ሸራ ተዘረጋ። ልጅቷ ጮኸች፣ ተነስታ አቀፈችው፣ ግንባሩን ሳመችው። እሱ አልተነቃነቀም። ሸራው ሲዘረጋ እንኳ ዓይኑን ከሳንቃው አልነቀለም።

«መልሺልኝ» አላት። መለሰችለት። እንደገና እስከ ገደሉ አፍ ሄደና ካፒቴኑን አቆመው። በግራ ጣቱ የስክሪኑን መስታወት ነካ። «እዚህ መሃል አንዲት ደመና ነበረች። ሙሉ ነበረች፣ ክብ። አሁን ጫፏን ሳንቃው ሸፍኖታል።»

ልጅቷ ፊቷን ከስክሪኑ አዞረች።

«ሳንቃውን ወደ እኔ ስበሽዋል።»

«አባዬ...»

«ሥራ በዛብኝ ያልሽኝ ይኼን ነው።» ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ በወደደች። «ሌሎቹንስ? ሸርጣኗን ያለፍኳት አንቺ አዘግይተሻት ነው? አሥሩን፣ አሥራ አንዱን ደሴት... እኔ ከመንቃቴ በፊት እየተነሳሽ ስታመቻቺልኝ ነው የከረምሽው?»

«በእማዬ አጽም አልነካሁም!»

«አጽሟን ተያት።»

ያኔ ሁሉንም አፈረጠችው። ላባውን፣ የተቆረጠውን ዝላይ፣ ግማሽ ጡቡን፣ ሐሙስን፣ ቅንፍን፤ እየተንተባተበች፣ የኋላውን እያስቀደመች። አባቷ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ በደህናው እጁ ጉንጯን ዳበስ አደረገው።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ሰው ሲወድ እንዲህ ይዋሻል። አልቆጣሽም።»

ከዚህ ቢመታት ይሻላት ነበር። ሦስት ሳምንት ስህተቷን አመናት፣ እውነቷን ስታመጣ ምሕረት አደረገላት። ዘጠኝ ወር ጥርሱን ነክሶ ያገኛትን እያንዳንዷን ጣት፣ ቁልፉን፣ ማንኪያውን፣ ብሎኗን፣ በአንድ ነጭ ሲዲ ቀማችው።

በሩ ተንኳኳ። ደቂቃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጥቷል። ባዶ ካርቶን በብብቱ ይዟል፣ ፊቱ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት ነው። «ጋሼ፣ እስኪ ሌላ ሳምንት ይሁን...» ሲል አባቷ «ክተት» ብሎ አቋረጠው። ደቂቃ ቀስ እያለ መክተት ጀመረ። እያንዳንዷን ወረንጦ በጨርቅ ይጠቀልላል፤ እንዳይጨርስ የፈራ ይመስላል።

ልጅቷ ነጩን ሲዲ አውጥታ ወረወረችው። ከኪሷ የድሮውን አወጣች፤ ካፒቴን ጃርት የተሳለበት፣ ከፋብሪካ የወጣ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜው የተጫጫረ። አባቷ አፍንጫ ሥር ያዘችው። «ይኼ ነው እስከ ዛሬ ውስጡ የነበረው። ታትሞ የወጣ ነው። እኔ ቀርቶ ማንም ሊነካው አይችልም። ጤነኛ እጅ ያልፈው እንደሆነ እይ። ደቂቃ፣ አፈር ስሆን፣ ና እዚህ ተቀመጥ!»

«እኔ?» አለ ደቂቃ። «አንድ ደቂቃ ብቻ...»

«አሁን!»

ቦርጩን ይዞ ተቀመጠ። ሲዲውን ከትታ አሥራ ሁለተኛውን ደሴት ከፈተችለት። የሰፈሩ ደህና እጅ የእሱ ነው፤ የፀጉር ያህል ሞላ በትንፋሹ ሳያወዛውዝ የሚያስቀምጥ እጅ ነው። ካፒቴኑን ሦስት እርምጃ አራምዶ ባሕር ውስጥ ከተተው። እንደገና ጀመረና ሸርጣን ላይ ተቀመጠ። «ይቺ ቁልፍ ነች እንዴ የምታዘልለው?» አለ፤ ያዘለለችው ወደ መድፍ አፍ ነው። በስምንተኛው ሞት ላይ አባቷ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር።

«ጣትህን አታድርቀው።»

«አላደረቅኩም ጋሼ።»

«ሸርጣኑ ሲዞር ነው እንጂ ሲመጣ አይዘለልም! ኧረ በሞቴ... አምጣው ወዲህ!»

ነጠቀው። ከደሴቱ መጀመሪያ ተነሳ። ሸርጣኖቹን፣ የሚፈርሱትን ሳንቃዎች፣ መድፎቹን፣ ገመዱን፣ አንዴም ሳይሞት አለፈ፤ የበለዙት ጣቶቹ ከቁልፍ ቁልፍ ይዘላሉ። ደቂቃ አፉን ከፍቶ የሚያየው ስክሪኑን ሳይሆን እጁን ነበር። ገደሉ አፍ ላይ ደመናዋ ሙሉ ክብ ናት። ዘለለ፤ ጥፍሩ ነካ አደረገ፤ ወረደ። ሁለተኛ ዘለለ፤ ወረደ።

አባቷ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በታተነና የስፋት መለኪያውን፣ ካሊፐሩን አወጣ። ካፒቴኑን ወደ ኋላ መልሶ ሜዳ ላይ አዘለለው፤ የተነሳበትንና ያረፈበትን ጡብ በካሊፐሩ ከመስታወቱ ላይ ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ገደሉን ለካ። የካሊፐሩን መንጋጋ በቀኝ አውራ ጣቱ እየገፋ ሦስቴ ደጋገመው።

«ግማሽ ጡብ» አለ።

ካሊፐሩን ዘጋው።

«ግማሽ ጡብ ይጎድላል። ማንም አያልፈውም።» ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ለምን እስከ ዛሬ እንዳልለካሁት ታውቂያለሽ? ሕይወቴን ሙሉ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካሊፐሩ እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አልለካሁትም። አንቺ ነሽ የሠራሽው ብዬ ነው። ከአንቺ ሥራ እጄን መጠራጠር ቀለለኝ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ደቂቃ ጉሮሮውን ጠረገና ጥቅሎቹን ከካርቶኑ ማውጣት ጀመረ።

«ተው» አለው አባቷ። «አትንካ። እኔ ራሴ ነኝ የማወጣቸው።»

ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሥር ጎተተና ተቀመጠ። ካርቶኑን በግራ እጁ ወደ ኋላ ገፋው፤ በቀኙ አንድ ጥቅል ለመያዝ ተንጠራራ። ጨርቁ አመለጠው። እንደገና ያዘው። ፈታው፣ ወረንጦውን አወጣ፣ ቦታው ላይ አኖረው። ሁለተኛውን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ደቂቃ ኮፍያውን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ከመንገዱ ማዶ ደንበኞች እየጠበቁት እንደሆነ እንኳ አላነሳም። ከካቻቢቴዎቹ ሁሉ ትንሿ ከአባቷ ጣቶች መሃል ሾልካ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ተንከባልላ ልጅቷ እግር ሥር ደረሰች። ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«አትንኪ» አላት፣ ሳያያት።

ቀና አለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ያዘች። አባቷ በጠረጴዛው ጠርዝ ተደግፎ ተነሳ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ካቻቢቴዋን በቀኝ እጁ ለማንሳት ይሞክር ጀመር። እሷ ከሁለት ክንድ ያነሰ ርቀት ላይ ቆማ፣ እስኪያነሳት ጠበቀች።